በቃልና በኑሮ መካከል፦ በሰው መነገድን ለይቶ ማወቅን ለኮሌጅ ተማሪዎች ማስተማር

በሰው መነገድ ምን ማለት ነው

በሰው መነገድ አንድን ሰው ለብዝበዛ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ ማስተላለፍ፣ ማስጠለል ወይም መቀበል ነው። ብዝበዛ ሲባል የሌላውን ሰው ጉልበት፣ አካል ወይም ነጻነት በማይገባ መንገድ ለራስ ጥቅም ማዋል ማለት ነው። ዛሬ አብዛኛው ዓለም የሚሠራበት ትርጉም የተገኘው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ካጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል (ከአንድ ዋና ስምምነት ጋር ተያይዞ የሚወጣ ተጨማሪ ውል) ነው። ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን እ.ኤ.አ. በ2012 ተቀብላለች። በአገር ውስጥ በሥራ ላይ ያለው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሲሆን፣ የወጣውም አዋጅ ቁጥር 909/2007ን ተክቶ ነው።

ወንጀሉ የሚመሠረተው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው። የመጀመሪያው ድርጊቱ ነው፤ ይህም መመልመል፣ መውሰድ፣ መደበቅ ወይም መረከብ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዘዴው ነው፤ ማታለል፣ ማስፈራራት፣ ኃይል መጠቀም፣ ሥልጣንን ወይም የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ በዚህ ሥር ይወድቃሉ። ሦስተኛው ዓላማው፣ ማለትም ብዝበዛው ነው። ሦስቱ አንድ ላይ መታየት አለባቸው። ወጣቶችን ለሥራ አሰባስቦ ማጓጓዝ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ደመወዝ ሳይከፍሉ ማሠራትም የሥራ ሕግ ጥሰት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሕጻናትን በተመለከተ ግን ደንቡ ይለያል። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለብዝበዛ ከተመለመለ ወይም ከተወሰደ፣ ማታለል ወይም ማስገደድ መኖሩን ማረጋገጥ አያስፈልግም። ልጁ ራሱ ለመሄድ መፈለጉ፣ ወላጆቹም መርቀው መሸኘታቸው ድርጊቱን ንጹሕ አያደርገውም። ይህ ልዩነት በክፍል ውስጥ ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ ምክንያቱም በገጠር ከሚያጋጥሙት ጉዳዮች ብዙዎቹ የልጆች ጉዳዮች ናቸው።

ዘመናዊ ባርነት ከድሮው በምን ይለያል

የድሮው ባርነት ሰውን በግልጽ ንብረት የሚያደርግ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ከታወቁ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ለማገድ ሞክረው ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ ዋና መከራከሪያ ነበር፤ በዚያው ዓመትም ባሮች ነጻ የሚወጡበትን ሁኔታ የሚወስን አዋጅ ወጣ። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው።

ዘመናዊ ባርነት የሚባለው ጥቅል ስያሜ ነው። የግዳጅ ሥራን፣ በዕዳ መያዝን፣ የግዳጅ ጋብቻንና በሰው መነገድን ያቅፋል። አንድ የሚያደርጋቸው ሰውየው ወይም ሴትየዋ ሁኔታውን ጥለው መሄድ አለመቻላቸው ነው። ዛሬ የባለቤትነት ወረቀት የለም፤ በምትኩ ዕዳ፣ የተወሰደ ፓስፖርት፣ ዛቻ ወይም የማያውቁት አገር አለ። የዓለም ሥራ ድርጅት ዎክ ፍሪ ከተባለው ድርጅትና ከዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ጋር ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነበሩ፤ 27.6 ሚሊዮኑ በግዳጅ ሥራ፣ 22 ሚሊዮኑ በግዳጅ ጋብቻ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ማንም ሰው በባርነት ወይም በግዴታ አገልጋይነት ሊያዝ እንደማይችል፣ ለማንኛውም ዓላማ በሰው የመነገድ ተግባርም የተከለከለ መሆኑን ይደነግጋል።

ድንበር ማሻገርና በሰው መነገድ አንድ ናቸውን

አይደሉም። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ማለት ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ አገር ማስገባት ነው። የሚጣሰው በዋናነት የአገር ድንበር ሕግ ነው፤ አሻጋሪውና ተሻጋሪው ስምምነት ያላቸው ሲሆን ግንኙነታቸውም ተሻጋሪው ሲደርስ ያበቃል። በሰው መነገድ ግን በሰው ነጻነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው። ድንበር መሻገርንም አይጠይቅም። ከደቡብ ጎንደር፣ ከጋይንት ገጠር ወደ አዲስ አበባ የተወሰደች ልጅ የአገሯን ወሰን ሳትለቅ የዚህ ወንጀል ተጎጂ ልትሆን ትችላለች።

በተግባር አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል። በስምምነት ጉዞ የጀመረ ወጣት ሱዳንን አልፎ ሊቢያ ሲደርስ ለሌላ ቡድን ተላልፎ ሊሰጥ፣ መጋዘን ውስጥ ሊታሰርና ቤተሰቡ በስልክ ጩኸቱን እየሰማ ቤዛ ሊጠየቅ ይችላል። በሊቢያ ባኒ ወሊድ ከተማ ይህ ለዓመታት ሲፈጸም ቆይቷል። በዚያ ሥራ ከታወቁት አዘዋዋሪዎች መካከል ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም አዲስ አበባ ተይዞ ለፍርድ ከቀረበ በኋላ በ2013 ዓ.ም. አምልጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ እንደገና ተይዟል። ስለዚህ በጉዞው መነሻ ላይ ሆኖ ጉዳዩን «ድንበር ማሻገር ብቻ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። ማሻገሩ ብቻውንም ገዳይ ነው፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑም ተነግሯል።

ከመካነ ኢየሱስ የሚነሱት መንገዶች ወዴት ይወስዳሉ

መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጎንደር የእስቴ ወረዳ ማዕከል ነው። በሰሜን ደብረ ታቦር፣ በሰሜን ምሥራቅ የጉና ተራራ፣ በምሥራቅ ስማዳና ጋይንት አሉ። ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ ሸለቆ የሚዘረጋው ምድር ገደላማ ነው፤ እርሻው ተሸርሽሯል፣ የቤተሰብ ይዞታ በየትውልዱ እየተከፋፈለ ጠቧል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የምግብ እጥረት ደጋግሞ ከሚያጠቃቸውና በሴፍቲኔት (በሥራ ወይም በቀጥታ ድጋፍ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጥበት መርሐ ግብር) ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። መሬት ያልደረሰው ወጣት ሥራ ፍለጋ ከቀዬው መውጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አባቶቹም ወጥተዋል።

የቆየው መንገድ ወደ ቆላ የሚወርደው ነው። ወጣቶች በወረታና በጎንደር በኩል ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሄደው ሰሊጥ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፣ ጥጥ ይለቅማሉ። አረሙ በክረምት፣ አጨዳው ከመስከረም ጀምሮ ይደርሳል፤ ይህም የትምህርት ዓመቱ ከሚከፈትበት ጊዜ ጋር ይጋጫል። ሥራው በራሱ ሕጋዊና ለብዙ ቤተሰብ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ደላላው በሰፈር የነገረው ዋጋ እርሻው ላይ ሲደርሱ ሲቀየር፣ የምግብና የመኪና ወጪ በዕዳ ሲያዝ፣ ካቦው (የሠራተኞቹ አለቃ) ደግሞ አጨዳው ሳያልቅ ክፍያ የለም ሲል ነው። ከደጋ የወረደ ሰውነት ወባንና ካላዛርን አይለምድም፤ የታመመ ሠራተኛ ሒሳቡን ሳይቀበል መመለሻ ገንዘብ የለውም። ዕድሜው 14 ወይም 15 የሆነ ልጅ በዚህ ውስጥ ሲገኝ ጉዳዩ ከደመወዝ ክርክር ያልፋል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ከተማ ነው። ሴት ልጆች በዘመድ ወይም በጎረቤት እጅ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ለቤት ሠራተኝነት ይሄዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ቃል የትምህርት ቃል ነው፤ ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች ይባላል። ይህ ዝግጅት ከቆየ የመረዳዳት ልማድ የወጣ ስለሆነ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም፤ በርካታ ልጆችም በዚህ መንገድ በእርግጥ ተምረዋል። የቤት ሠራተኝነት ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ጥበቃ ሥር በሙሉ አልገባም፣ የሥራ ተቆጣጣሪም የግለሰብ ቤት በር አያንኳኳም። በዚያ ላይ ልጅቱ ራቅ ካለ ገጠር የመጣች ከሆነች የከተማውን ስም እንጂ የሰፈሩን አታውቅም።

ሦስተኛው መንገድ ወደ ውጭ አገር ነው፤ በአካባቢው አነጋገር «ዓረብ አገር»። ከነፋስ መውጫ በጋሸናና በወልዲያ አድርጎ በአፋር ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚዘልቀው መስመር ምሥራቃዊው መስመር ይባላል። በመተማ ወደ ሱዳንና ወደ ሊቢያ የሚሄደው ሰሜናዊው ነው፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ይበልጥ አደገኛ ሆኗል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። መንግሥት በዚያው ወቅት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዶ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ አቆይቶታል። እገዳው የሥራ ፍላጎትን አላስቀረም። ሕጋዊው በር ሲዘጋ ገበያው ወደ ደላላው ዞረ።

ፈቃደኝነት ጉዳዩን ለምን አይዘጋውም

«በራሷ ፈቃድ ነው የሄደችው» የሚለው አስተያየት በተጎጂዎች ላይ በብዛት ከሚወረወሩት አንዱ ነው። ሕጉ ይህን አይቀበልም። የተጎጂው ስምምነት በማታለል ወይም በማስገደድ ከተገኘ ዋጋ የለውም፤ አንዲት ሴት ለሥራ እንጂ ለመታሰር አልተስማማችምና። የተስማማችበትን ከተገኘው ጋር ማነጻጸር ከሁሉ የሚቀድም የመለያ ዘዴ ነው። የተነገራት የሥራ ዓይነት፣ ቦታው፣ ደመወዙና የሚቆይበት ጊዜ በአንድ በኩል፣ ያገኘችው በሌላ በኩል ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ማታለል መኖር አለመኖሩን ያሳያል።

ፈቃድን ከሚያጠፉት ነገሮች ዋነኛው ዕዳ ነው። ቤተሰብ ለጉዞው በሬ ይሸጣል፣ መሬቱን በወለድ አገድ (አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስ መሬቱን እያረሰ በሚጠቀምበት ውል) ይሰጣል፣ ከአራጣ አበዳሪም ይወስዳል። ሌላም ዘዴ አለ፤ ደላላው ሲነሱ ምንም አይጠይቅም፣ ክፍያው በመንገድ ላይ በእስርና በድብደባ ይጠየቃል። በሁለቱም አኳኋን ተጓዡ ተመልሶ መምጣትን እንደ ጥፋት ይቆጥረዋል፤ ባዶ እጁን ቢመለስ የቤተሰቡ መሬት እንደተያዘ ይቀራልና። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ የማይወጣ ሰው የታሰረው በዚህ ነው። ደላላው ደግሞ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ላይሆን ይችላል፤ ዝምድና ያለው ወይም የሠፈሩን ማኅበር የሚጠጣ ሰው፣ ወይም ቀድሞ ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ጎረቤትም ልትሆን ትችላለች። አንዳንዱ ራሱም የሚልከው ሰው የሚደርስበትን በሙሉ አያውቅም።

በዓረብ አገሮች ይህን የሚያጠብቀው ካፋላ (የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪው ላይ እንዲመሠረት የሚያደርግ ሥርዓት) ነው። የተበደለች ሠራተኛ ከአሠሪዋ ቤት ብትወጣ ፈቃዷን ታጣለች፤ በአንድ ሌሊት ከተበዳይነት ወደ ሕገ ወጥነት ትሸጋገራለች። አንዳንድ አገሮች በሥርዓቱ ላይ ማሻሻያ ያደረጉ ቢሆንም የቤት ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ ከማሻሻያው ውጭ ቀርተዋል።

ወንጀሉ በምን ምልክት ይታወቃል

ምልክት ማስረጃ አይደለም፤ የበለጠ ለመጠየቅ የሚያበቃ ምክንያት ነው። አንድ ምልክት ብቻውን ሲታይ ብዙ ንጹሕ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላል። ሦስትና አራት ተደራርበው ሲገኙ ግን ዝም ማለት አይገባም።

ከጉዞ በፊት የሚታዩት ምልክቶች ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለቀበሌ ሠራተኞች ቅርብ ናቸው። ተማሪ ምክንያቱን ሳይናገር ከክፍል ይጠፋል። የ16 ዓመት ልጅ በቀበሌ መታወቂያ ላይ ዕድሜዋ እንዲጨመር ይጠየቃል፤ ፓስፖርቱ 18 ዓመት እንደሞላት ካሳየ አዋቂ ሆና እንድትጓዝ ያስችላታልና። ይህ የዕድሜ ለውጥ እንደ ጥቃቅን ውለታ ይታያል፤ በተግባር ግን ሕጉ ለልጅ የሚሰጠውን ጥበቃ በሙሉ ከላይዋ ይገፋል። የሥራው ዝርዝር በቃል ብቻ ይነገራል፣ የአሠሪው ስም አይታወቅም፣ ጉዞው ለወላጅ ወይም ለጓደኛ እንዳይነገር ይታዘዛል፣ ለመወሰን የሚሰጠው ጊዜም አንድ ሌሊት ነው።

በሥራ ቦታ የሚታዩት ደግሞ ሌላ መልክ አላቸው። የሠራተኛዋ መታወቂያ፣ ፓስፖርትና ስልክ በሌላ ሰው እጅ ነው። ለጥያቄ የሚመልስላት ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ደመወዟ «እየተጠራቀመላት» ነው፤ ተጠይቆ ግን አይገኝም። የሰበረችው ብርጭቆና የተገዛላት ልብስ ከሒሳቧ ይቀነሳሉ፣ ዕዳዋም ሥራዋ በበረታ ቁጥር ይጨምራል። ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ወይም ጤና ጣቢያ ለመሄድ አትለቀቅም። ያለችበትን ሰፈር ስም አታውቅም። በሰሊጥ እርሻም ምልክቱ ተመሳሳይ ነው፤ ሥራውን ትቶ መሄድ የፈለገ ሠራተኛ ሒሳቡ ይቀርበታል ወይም ይደበደባል። እነዚህን ሁሉ የሚጠቀልል አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ሰው ነገ ጠዋት መሄድ ቢፈልግ ምን ይደርስበታል? መልሱ ቅጣት፣ ድብደባ፣ እስር ወይም ሊሸከሙት የማይቻል ዕዳ ከሆነ ጉዳዩ ከተራ መጥፎ ሥራ ወጥቷል።

የግዳጅ ጋብቻም ከዚህ ወገን ይመደባል። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ያለፈቃዷ የተዳረች ልጅ ጉዳይ እንደ ባህል ብቻ መታየቱ ይጎዳታል። ከዚህም ሌላ ከእንዲህ ያለ ጋብቻ የሸሸች ልጅ መናኸሪያ ስትደርስ ማደሪያና ሥራ ያጣች ስለምትሆን ለደላላ ቅርብ ናት።

ሕጋዊ የውጭ አገር ሥራ ምን ይመስላል

ሐሰተኛውን ለመለየት እውነተኛውን ማወቅ ይጠቅማል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ሕጋዊውን መንገድ ይዘረዝራሉ። ሠራተኛው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የሚልከው ኤጀንሲ ፈቃድ ያለውና ለሠራተኛው መብት መጠበቂያ የሚሆን ገንዘብ በዋስትና ያስያዘ ነው። ወደሚሄድበት አገር ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ሊኖራት ይገባል፤ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ዮርዳኖስና ኳታር ከነዚህ መካከል ናቸው። ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት ሥልጠና ይወስዳል፣ የሥራ ውሉም በመንግሥት ይጸድቃል።

የክፍያው ድልድል ከሁሉ ይበልጥ መታወቅ አለበት። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድና የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የመሳሰሉትን የግል ሰነዶች ወጪ ነው። ኤጀንሲ ከሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ ሊቀበል አይችልም። ስለዚህ «ለቪዛ» ወይም «ለቦታ» እየተባለ ገንዘብ ሲጠየቅ ሕጋዊው መንገድ ተለቅቋል ማለት ነው። በቱሪስት ቪዛ ሄዶ መሥራትም እንዲሁ ነው።

ትምህርቱ ለኮሌጅ ተማሪዎች ለምን ይሰጣል

አንደኛው ምክንያት የተማሪዎቹ የነገ ሥራ ነው። ከደብረ ታቦር መምህራን ትምህርት ኮሌጅና ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ብዙዎች መምህር፣ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የቀበሌና የወረዳ ሠራተኛ ሆነው ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳና ወደ ጋይንት ይመለሳሉ። የጠፋውን ተማሪ መጀመሪያ የሚያየው መምህሩ ነው፣ የተጎዳውን አካል ነርሷ፣ የተቀየረውን ዕድሜ የመዝገብ ሠራተኛው። ፖሊስ የሚደርሰው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚፈለጉ መሆናቸው ነው። በማይንማርና በታይላንድ ድንበር አካባቢ ያሉ የማጭበርበሪያ ግቢዎች (ሰዎችን በኢንተርኔት እያታለሉ ገንዘብ የሚዘርፉ፣ በአጥር የታጠሩ ማዕከሎች) የሚሹት እንግሊዝኛ የሚጽፍና ኮምፒውተር የሚችል ወጣት ነው። ማስታወቂያው በቴሌግራምና በፌስቡክ ይመጣል፤ ታይላንድ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት ወይም የመረጃ ጽሑፍ ሥራ እንዳለ፣ ትኬቱም እንደሚቆረጥ ይናገራል። የሚወሰዱት ግን ድንበር አቋርጠው ወደ ማይንማር ነው፤ ስልካቸው ተወስዶ፣ የቀን ኮታ ተሰጥቷቸው፣ ካልሞሉም እየተደበደቡ ያጭበረብራሉ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት ወደ 260 ሰዎች መካከል ከግማሽ በላዩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ትምህርት በሰው ከመነገድ ይጠብቃል የሚለው እምነት ግማሽ እውነት ነው፤ ገበያው ለተማረ ሰው የሚሆን ቃልም አለው።

በክፍል ውስጥ እንዴት ይሰጣል

በስብሰባና በፖስተር የተለመደው ዘዴ ማስፈራራት ነው፤ የሞተ ሰው ፎቶግራፍ ይታያል፣ «አትሂዱ» ይባላል። የዚህ ዘዴ ውጤት አነስተኛ ነው። ወጣቶች የመንገዱን አደጋ ያውቁታል፤ ከጎረቤት ልቅሶ ላይ ተቀምጠው ሰምተውታል። የሚያነጻጽሩት አደጋውን እዚህ ከሚጠብቃቸው ሥራ አጥነት ጋር ነው። መሰደድን እንደ ጥፋት የሚያስተምር መምህር የተጎዳው ተማሪ ከነገ ወዲያ እንዳይነግረው በሩን ይዘጋል። የተጎጂዎችን ምስል ማሳየትም ክብራቸውን ይነካል፤ በክፍሉ ውስጥ የዚያ ሰው ዘመድ ሊኖር ይችላል።

የተሻለው መንገድ ስም የለሽ ምሳሌ ታሪክ ሰጥቶ ማከራከር ነው። ለምሳሌ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ከስማዳ በአክስቷ ጓደኛ ባሕር ዳር ትወሰዳለች፤ የማታ ትምህርት ይባልላታል፣ ስድስት ወር ትሠራለች፣ ደመወዟ በአክስቷ ጓደኛ እጅ ነው፣ ትምህርት ቤት ግን አልገባችም። ተማሪዎቹ በቡድን ድርጊቱን፣ ዘዴውንና ዓላማውን ለይተው ያወጣሉ። ቀጥሎ መምህሩ አንድ ነገር ይለውጣል፤ ዕድሜዋ 19 ቢሆንስ? ትምህርት ቤት ገብታ ደመወዝ ባይከፈላትስ? መሄድ ፈልጋ ብትከለከልስ? እያንዳንዱ ለውጥ መልሱን ያንቀሳቅሰዋል። አንዳንዱ ጥያቄ ቁርጥ መልስ የለውም፤ ተማሪው ያን ሲያይ ቸኩሎ መፍረድን ይተዋል።

ከዚህ ሌላ የሰነድ ልምምድ ይሰጣል፤ የሥራ ማስታወቂያዎች ይቀርቡና የጎደለው ይፈለጋል። አሠሪው ማን ነው? ትኬቱን ማን ይከፍላል? ኤጀንሲው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተመዘገበ ነውን? የሴትና የወንድ ተማሪዎች ቡድን አንዳንድ ጊዜ ለየብቻ ቢሆን ውይይቱ ይፈታል፤ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባት ሴት ተማሪ በሁሉ ፊት ላትናገር ትችላለችና። ከውይይቱ በፊት ማንም የግል ታሪኩን እንዲናገር እንደማይገደድ ይነገራል።

ጥርጣሬ ሲፈጠር ምን ይደረጋል

የመጀመሪያው ጥንቃቄ አዘዋዋሪውን ወይም አሠሪውን በቀጥታ አለመጋፈጥ ነው። ይህ ተጎጂዋን ወደማይታወቅ ቦታ እንዲያዛውሯት ምክንያት ይሆናል። ሁለተኛው ተጎጂዋን ለብቻዋ፣ በምታውቀው ቋንቋ፣ ሳይቸኩሉ ማነጋገር ነው። የሚጠየቀውም ጥቂት ነው፤ አሁን ደህና መሆኗን፣ ምን እንደምትፈልግ፣ ማንን እንደምታምን ማወቅ ይበቃል። ዝርዝር ምርመራ የሠለጠነ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው፤ ታሪኳን ደጋግሞ ማስነገር ቁስሉን ያድሳል፣ ቃሏንም ለፍርድ ቤት ክርክር ያጋልጣል።

ጉዳዩ ለወረዳው ፖሊስ፣ ለሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም የውጭ አገር ሥራ ከሆነ ለሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተጎጂዎች በተነገደባቸው ምክንያት ለፈጸሙት ሕገ ወጥ ድርጊት እንዳይቀጡ ይከላከላል፤ ይህን ማወቅ ብዙዎችን ከዝምታ ያወጣል። ለተመላሾች መጠለያና ምክር የሚሰጡ እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች በአዲስ አበባ አሉ። በገጠር ወረዳ ግን ከጤና ጣቢያና ከዘመድ ቤት የተሻለ መጠለያ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ስለዚህ ቅሬታ ከመቅረቡ በፊት ልጅቱ የምታድርበት ቤት ሊታሰብ ይገባል።

ተመልሰው ወደ ትምህርት የሚገቡም አሉ። ሁለት ዓመት የቀረ ተማሪ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ ይበልጣል፣ በሌሊት እንቅልፍ አያገኝም፣ በቤቱም ያልተከፈለ ዕዳ ይጠብቀዋል። መምህሩ በመዝገብ ላይ «አቋርጧል» ብሎ ከመተው ይልቅ የጠፋበትን ቀን፣ ከማን ጋር እንደሄደና ወዴት እንደተባለ ቢጽፍ፣ ያ ማስታወሻ ለቤተሰቡ ፍለጋ፣ ለፖሊስ ምርመራና ለዳግም ምዝገባ ያገለግላል። ማስታወሻው ለክፍል የማይነበብ፣ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎ የሚቀመጥ መሆን አለበት።